«ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው»

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ነገር አይደለምና። የሄድኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። አባቱ ሳውዲ ነው ያለው፤ እናቱ ደግሞ ሱቋን ዘግታ መምጣት አልቻለችም። «ወላጅ ይምጣ» የሚል ወረቀት ከደብተሩ መሀል ተጣጥፎ ሲገኝ ነገሩ ለእኔ ለአጎትየው ደረሰ።

የልጁ ጥፋት እንዲህ ነው። ዕድሜው ስድስት ነው፤ ኦ ክፍል ይማራል። መምህርቷ «ሰሌዳውን ብቻ እዩ፤ ዓይናችሁ ወዲያ ወዲህ እንዳይል» ስትል፣ «አንቺም እኮ ስልክ ታያለሽ» አላት። አለቀ። አልተሳደበም፤ ሰው አልመታም፤ ከወንበሩም አልተነሣም። መምህርቷ ስልኳን አስቀመጠችና ልጁን ወደ ደጅ አውጥታ ጠጠር ላይ አንበረከከችው። እስከ እረፍት ድረስ እዚያው ቆየ።

ማታ እናቱ ጉልበቱን በቫዝሊን ስታሸው አጠገቧ ነበርኩ። ጠጠሩ ያረፈበት ቦታ እንደ ጎደጎደ ቀርቷል። ቆጠርኩት፤ በግራ ጉልበቱ አራት፣ በቀኙ ሦስት። ልጁ ግን ሕመሙን ትቶ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። «ግን እኮ ስታይ ነበር» ይላል። ዝም ይልና እንደገና፣ «ስታይ ነበር፤ አይደል?» እያለ እናቱንም እኔንም በየተራ ያየናል።

እናቱ «ዝም በል፤ ለትልቅ ሰው አይመለስም» አለችው።

የስብሰባው ሁለተኛ አጀንዳ «የተማሪዎች ሥነ ምግባር» የሚል ነበር። መላሽና ቅብጥብጥ ልጆች እንደ በዙ፣ ትምህርት ቤቱ ብቻውን እንደማይችላቸው፣ ወላጅም ቤቱ ውስጥ እንዲቀጣ ተነገረ። ይህ ተብሎ ሳያበቃ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ አባት ተነሡ። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። እንዲህ አሉ፦ «የዛሬ ልጅ የሚመልሰው አርጩሜ ስላልቀመሰ ነው። እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው። በርበሬ ታጥነን ነው ሰው የሆንነው። ዛሬ ካልሰበርነው ነገ ይሰብረናል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እንቅልፍ የነሳኝ ያ ጭብጨባ ነው። መምህርቷ ተናድዳ ይሆናል፤ ከስልሳ በላይ ሕፃን በአንድ ክፍል ይዛ ስትውል ሰው ነችና ትናደዳለች። የተናደደ ሰው ሲበርድለት ይጸጸታል፤ ልጁንም ጠርቶ ያባብላል። ያጨበጨበው ወላጅ ግን ማንም አላናደደውም። ረጋ ብሎ፣ አምኖበት፣ በሁለት እጁ ነው ያጨበጨበው። ስለዚህ የምሟገተው ከመምህርቷ ጋር አይደለም፤ ከዚያ አዳራሽና ከዚያች ዐረፍተ ነገር ጋር ነው።

«ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ማለት ምስክርነት ነው። በአባቶቻችን ሸንጎ ደግሞ ምስክር ቃሉን ስለ ሰጠ ብቻ አይታመንም፤ ይጠየቃል፤ ተጠየቅ ይባላል። እኔም ልጠይቅ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ማን ነው? ተገርፎ ከቤቱ ያልጠፋ፣ ተገርፎ ትምህርቱን ያልጣለ፣ አገሩን ያልለቀቀ፣ ኋላም ልጅ ወልዶ ለወላጆች ስብሰባ የበቃ ሰው ነው። የተረፈው ብቻ ተሰብስቦ «ዱላ ምንም አያደርግም፤ እኛን እዩን» ይላል። ወባ ይዟቸው የዳኑ ሰዎች ተሰብስበው «ይኸው አለን፤ ልጆቻችንንም ትያዝልን» ቢሉ ያጨበጨበላቸው አይኖርም። በወባ የሞቱት ለስብሰባ እንደማይመጡ ሁሉም ያውቃልና። ለዱላ ሲሆን ይህን ቀላል ነገር እንዴት እንረሳዋለን?

ከስብሰባው የቀረ አንድ ሰው አውቃለሁ።

እኔ ተወልጄ ፊደል የቆጠርኩት አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ አካባቢ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለን አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ሲሮጥ የሚደርስበት አልነበረም። ዳገቱን እኛ እያለከለክን ስንወጣ እሱ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና አብሮን ይወጣል። ክፍል ውስጥ ግን አግዳሚው ላይ እሾህ ያለበት ይመስል አንድ ቦታ አይረጋም። እግሩ ይወዛወዛል፤ እርሳሱ ይወድቃል፤ ሊያነሣ ሲጎነበስ የጎረቤቱን ደብተር ይጥላል። የሚጠይቀውም ጥያቄ አያልቅም ነበር። መምህራችን «ቀዥቃዣው» ነበር የሚሉት፤ ስሙን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። የሚገረፍበትን አርጩሜ ራሱን ነበር የሚልኩት፤ ከትምህርት ቤቱ ኋላ ካለው ክትክታ ቆርጦ እንዲያመጣ። አንድ ቀን ቀጭን ቆርጦ መጣ። መምህራችን አጠፍ አድርገው አዩትና ወፍራም እንዲያመጣ መለሱት። ሁላችንም ሳቅን። ያን ጊዜ የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ትምህርት ቤት የተገረፈ ልጅ ቤቱም ይደገማል፤ ያኔ ሕጉ ይህ ነበር። ወሬው ከልጁ ቀድሞ ለአባትየው ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ በርበሬ ይጨሳል። አንድ የገበያ ቀን ልጁ እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ደሴ ሄደ። አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ ለብዙ ዓመት ከደሴ የሚመጣውን ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆሙ ሲጠይቁ አይቻለሁ፤ «አንድ ቀይ ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ መናኸሪያው አካባቢ አላየኸውም?» እያሉ። አልተመለሰም። የተከበሩት ሽማግሌ «ተገርፈን ሰው ሆንን» ሲሉ ከሳቸው እኩል ተነሥቶ ቃሉን መስጠት የነበረበት ይህ ልጅ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። ባዶ ወንበር አይናገርም ብለን ነው ያጨበጨብነው።

በየመንደራችሁ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አታጡም። ከደቡብ ወሎ ገጠር በረሃ አቋርጦ፣ በጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳውዲ ስለሚነጉደው ወጣት ስናወራ ድህነቱን እንጠቅሳለን፤ ደላላውን እንረግማለን፤ ልክ ነው። ከቤት ከመነሣቱ በፊት በነበረው ማታ ምን እንደ ተደረገ ግን አንጠይቅም። ዱላው ደግሞ የጥቂቶች ዕጣ አይደለም፤ ያንግ ላይቭስ በተባለውና ከ1994 ዓ.ም. አንሥቶ በኢትዮጵያ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ሲከታተል በቆየው ጥናት፣ የስምንት ዓመት ልጆች ሲጠየቁ ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ባለፈው ሳምንት መምህር እንደ መታቸው ተናግረዋል። ልብ በሉ፤ በዓመት ሳይሆን በሳምንት። ዱላ ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ይህ አገር እስካሁን በሰው ብዛት አይቻልም ነበር።

ደግሞስ «ሰው ሆንን» ስንል ምን ዓይነት ሰው ማለታችን ነው? ራሳችንን እንይ። ቀበሌ እንሰበሰባለን። «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። ጭጭ። «የተቃወመ?» ጭጭ። አዳራሹን ለቀን ስንወጣ በሩ ላይ ምላሳችን ይፈታል፤ ሻይ ቤት ስንደርስ ደግሞ አንደበተ ርቱዕ እንሆናለን። ማዳበሪያው ለምን ዘገየ ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ከመቶ አንድ አይገኝም። ይህን ጠባይ የትም አልተማርነውም፤ ጠጠር ላይ ነው የተማርነው። ስድስት ዓመት ሲሆነን አንድ እውነት ተናግረን ጉልበታችን ተበሳስቶ፣ ዳግመኛ ላለመናገር ለራሳችን ቃል ገብተናል። እኔ ራሴ በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን አላወጣሁም። የልጁን ጉልበት በዓይኔ አይቼ ሄጄ፣ «ልጁ ያለው እውነት ነበር» የምትል አንድ ዐረፍተ ነገር ከአፌ አልወጣችም። ተገርፌ ያደግሁ ነኝ። ተገርፌ የሆንኩት ሰው ይህ ነው።

«አንቺ» ማለቱ ነው ጥፋቱ የሚለኝ አለ። መምህርቷም በስብሰባው ላይ ይህንኑ ነበር ያነሣችው። እሺ፤ ልጁ «እርስዎ» ማለትን ይማር። ወሎ ውስጥ ልጅ ታላቁን በማዕረግ መጥራቱ ያማረ ነገር ነው፤ እኔም እንዲቀር አልፈልግም። ግን ልጁ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎም እኮ ስልክ እያዩ ነው» ቢል ኖሮ ጠጠሩ ይቀርለት ነበር? አይቀርለትም። መምህርቷን ያናደዳት አጠራሩ ሳይሆን ማየቱ ነው። የሚያስቀጣው ስድብ ቢሆን እኔም አልከራከርም፤ ስድብና እውነት ግን በአንድ አርጩሜ እየተገረፉ ነው፤ ልጁም ልዩነታቸውን ሊያውቅ አልቻለም። ሁለቱንም ትቶ ዝም ይላል። እኛም «ጨዋ ሆነ» እንላለን።

ዝም ያለ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ እኛ የሐይቅ ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ጃሪ አለልን። ዛሬ ጃሪ ሲባል ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ወገኖቻችን የሰፈሩበት ጣቢያ ነው ለሰው የሚታየው። ከዚያ በፊት ግን ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወላጅ ያጡ ልጆች የሚያድጉበት፣ ቴር ዴ ዞም የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት የሚረዳው የሕፃናት መንደር ነበር። በዚያ መንደር ይሠራ የነበረ አንድ የብሪታንያ ዜጋ በአደራ በተሰጡት ልጆች ላይ የፆታ ጥቃት ሲፈጽም ቆይቶ፣ ፍርድ ቤት ጽኑ እስራት የፈረደበት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2003 ነው። እነዚያ ልጆች ትልቅ ሰው የሚያጎርሳቸው፣ ትልቅ ሰው የሚያለብሳቸው ልጆች ነበሩ። «ለትልቅ ሰው አይመለስም» ብለን ያሳደግነው ልጅ፣ ትልቁ ሰው ክፉ ሆኖ ሲገኝ «ተው» የሚለውን ቃል ከየት ያመጣዋል? ማንስ ዘንድ ሄዶ ይናገራል? ሲናገርስ «ምላሰኛ» ከማለት ሌላ ምን እንለዋለን? የልጁን አፍ በዘጋን ቁጥር የምንዘጋው ለመልካሙ መምህር ብቻ አይደለም፤ ለአውሬውም ነው የምንዘጋለት። ይህ በአገራችን የደረሰ ነው፤ በእኛው ወረዳ። ሽማግሌው አባት ይህን ያውቃሉ፤ በዕድሜያቸው ነው የሆነው። እያወቁ ነው «እንስበረው» ያሉት።

«ባህላችን ነው» የሚለውማ ጭራሽ አይያዝልኝም። የትኛው ባህል? አያቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ሰብስበው እንቆቅልሽ ያጫውቱን ነበር። ልጅ ተነሥቶ «እንቆቅልህ!» ይላል፤ ትልቁ ሰው «ምን አውቅልህ» ይላል። ሽበት ያለው ሰው ሕፃን ፊት «ምን አውቅልህ» ብሎ አላዋቂነቱን ያምናል። ካልመለሰ ልጁ «አገር ስጠኝ» ይለዋል። አያቴ ደሴን ሰጥተውኛል፤ ባቲን ሰጥተውኛል፤ አንድ ቀን ሐይቅን ከነዓሣው ሰጥተውኛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አሸናፊው በተሸናፊው ላይ የሚያወርደው ዘለፋ አለ፤ ያንንም ችለው ይሰሙኛል። ይህም ባህል ነው፤ ከአርጩሜው የሚያንስ ባህል አይደለም። ልጅን አፍ ማስፈታት ያወቀበት፣ በላ ልበልሃ እያለ በምላስ የሚሟገተውን ጠበቃ የሚያደንቅ ሕዝብ ነበርን። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ዘርፎ የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? የኔታም አርጩሜ ነበራቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰለ ደቀ መዝሙር የመጣለት፣ ስለ አስተማረ ነው። ስለ ገረፈ የገነነ ገዳም አላውቅም።

ሃይማኖት የሚጠቅስብኝም አይጠፋም። የወሎ ሰው ነኝና ከሁለቱም በኩል እመልሳለሁ። ሕፃናቱን ወደ ጌታ ሲያመጧቸው ደቀ መዛሙርቱ ገሠጹ፤ ጌታ የተቆጣው ግን በማን ላይ ነበር? ሲንጫጩ በመጡት ልጆች ላይ ሳይሆን በከልካዮቹ ላይ ነው። ነቢዩ ሙሐመድም ሶላት ላይ ሱጁድ ወርደው ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ወጣባቸው፤ ልጁ ጨዋታውን እስኪጨርስ ድረስ ሱጁዳቸውን እንዳስረዘሙ በሐዲስ ተዘግቧል። ከኋላቸው የሚሰግደው ሕዝብ ምን ሆኑ ብሎ እስኪጨነቅ ድረስ ነው የቆዩት። ቅብጥብጥ ልጅ ከዚህ በላይ የሚቀብጥበት ቦታ የለም። ሶላቱን ያስረዘመ ነቢይ ያላቸው አባት፣ ከፊደል ሰሌዳ ፊት እግሩን ስላወዛወዘ ሕፃን ምን ሊሉ ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ሽማግሌው የመጨረሻ ቃል። «ዛሬ ካልሰበርነው ነገ ይሰብረናል።» ይህች ቃል አምባሰል ውስጥ አሮጌ ታሪክ አላት። ግሸንን ሁሉም ያውቃታል፤ መስከረም 21 ሲደርስ አገር ምድሩ የሚጎርፍባት የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት። እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ግን ነገሥታቱ የገዛ ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን የሚያስሩባትም አምባ ነበረች። ልጁ አድጎ ዙፋን እንዳይቀማ፣ ገና በልጅነቱ አምባ ላይ ወጥቶ በዘብ ይጠበቃል። ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ ማደጉ ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ለንግሥና የተጠራው ከዚያ እስር ቤት እንደ ነበር ይተረካል። ንጉሥ ልጁን ቢፈራ ዙፋን አለውና ነው። የሐይቅ ወላጅ ከስድስት ዓመት ልጁ የሚጠብቀው የትኛውን ዙፋን ነው? ልጅን እንደ ባላንጣ የሚያይ ቃል ተነገረ፤ እኛም የአገራችን ብልሃት ነው ብለን አጨበጨብንለት። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስለ ቅብጥብጥነቱ ጥቂት ልበል፤ በዚህ ነገር ልጆቹ በእጅጉ ነው የተበደሉት። የአምባሰል ልጅ ከፍየል ኋላ ቀኑን ሙሉ ገደል ሲወጣ ሲወርድ ይውል ነበር። ማታ እራቱን ሳይጨርስ ጉርሻው በአፉ እንዳለ እንቅልፍ ይጥለዋል። ቅብጥብጥ ያለው ማንም አልነበረም፤ «ጎበዝ እረኛ» ነበር የሚባለው። ልጁ ዛሬም ያው ልጅ ነው። የተለወጠው ግቢው ነው። እህቴ የምትኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ነው። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ። ልጁ ኳስ ሲያንከባልል አከራይዋ «ግድግዳዬን!» ይላሉ፤ ሲሮጥ «ልብሴን አቧራ አለበሰው» ይላሉ፤ ሲዘፍን ደግሞ የታመመ ሰው አለ ይባላል። መንገድ እንዳይወጣ ባጃጅ አለ። ወደ ሐይቁ እንዳይወርድ ውኃ ነውና እንፈራለን፤ ትክክልም ነን። ከዚያ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አግዳሚ ላይ አራት ሆነው ተጣብቀው፣ «እጅ ወደ ኋላ፣ ጣት አፍ ላይ» ተብለው ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እግሩ ተወዛወዘ ተብሎ ይቀጣል። አንድ ዐዋቂ ሰው በዚያ አግዳሚ ላይ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀመጥና ይንገረኝ።

ሌላም አለ። እነዚህ ልጆች በ2014 ዓ.ም. መኸር ላይ ጦርነት ሐይቅንና ውጫሌን ሲያልፍባቸው እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ነበሩ። የእህቴ ልጅ በዚያ ወር በእግር ነው የተሰደደው፤ ታዝሎ። ዛሬም የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ከአልጋ ሥር ነው የሚገኘው። በአካል መርጋት ያቃተውን ልጅ ሁሉ ባለጌ ከማለታችን በፊት ምን አይቶ እንዳደገ ማስታወስ የሚገባን እኛ ነን፤ አብረን ነው የሸሸነው። ከመካከላቸው እውነተኛ ሕመም ኖሮበት ሐኪም ሊያየው የሚገባ ልጅም ይኖራል። ጠጠር የሚፈውሰው ግን አንዱንም አይደለም።

ሕግም አለ፤ ለሚሰማ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ጠጠር ላይ ማንበርከክ ከዚህ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም። ለወላጅ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 በር ትቶለታል፤ ለተገቢ አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ፣ ሕግን የማይቃረን የማረሚያ እርምጃ አያስጠይቅም ይላል። በዚያች በር ነው በርበሬው ሁሉ የሚገባው። ትምህርት ቤት ራሱ እንዳይመታ ሲከለከል «ቤታችሁ ቅጡ» ብሎ ወረቀት የሚልከውም ለዚህ ነው፤ ሕጉ የያዘውን እጅ ትቶ የወላጅን እጅ ይዋሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዝርዝር መመሪያ የለኝም። አንድ ነገር ግን ከቤቴ አውቃለሁ። ልጅ ሲመልስ፣ ከመቆጣታችን በፊት ያለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን እንይ። እውነት ከሆነ «እውነትህን ነው» እንበለው፤ አነጋገሩን ከዚያ በኋላ እናርመዋለን። መምህርቷ «አዎ፤ ስልክ እያየሁ ነበር፤ አስቀመጥኩት፤ አሁን ሁላችንም ሰሌዳውን እንይ» ብትል ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ ሰሌዳው በዞረላት። የሚቁነጠነጠውንም ጠመኔ አምጣ፣ ውኃ ቅዳ፣ በሩን ክፈት ብለን እንላከው፤ እግሩ ሥራ ያግኝ። በየክፍለ ጊዜው መሀል ግቢውን አንድ ዙር ቢሮጡ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር የለም።

የሚቀጥለው ስብሰባ በሴሚስተሩ መጨረሻ ነው ተብለናል። ሐይቅም ሆነ ውጫሌ፣ በየትም ትምህርት ቤት «ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» የሚል ሰው ሲነሣ ልጅ ያላችሁ ሁሉ አታጨብጭቡ። እኔ በዚህኛው አልተነሣሁም፤ በሚቀጥለው እነሣለሁ።

የእህቴ ልጅ ጉልበቱ ድኗል። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ግን ክፍል ውስጥ እጁን አላወጣም። ለእናቱ የመጣላት የመጨረሻው ወረቀት «በጣም ጨዋ ሆኗል፤ እናመሰግናለን» ይላል።